ድምፅ የሌላት እግር

ባለፈው ወር ልጄን ላስመዘግብ አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ናቸው። የኮምፒውተሩን ክፍል፣ ቤተ ሙከራውን፣ ቤተ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ እየከፈቱ አስጎበኙኝ። መጨረሻ ላይ የትልቁን አዳራሽ በር ገፋ አድርገው «ይሄ ለፈተና ጊዜ ነው» አሉና መልሰው ሊዘጉት ሲሉ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። አቧራ የጠጣ የመድረክ መጋረጃ፣ ሰም የተቀባ እንጨት፣ የልጆች ካልሲ። እግሬ አልንቀሳቀስ አለ።

«እዚህ ልጆቹ አይጨፍሩም?» አልኳቸው።

«ለጭፈራው ቤታቸው አለ አይደል?» አሉኝ እየሳቁ።

እኔም ሳቅሁ፤ ሰው ሲስቅ ዝም ማለት ነውር ነው። ነገር ግን ቤቷ ውስጥ መጨፈር ቀርቶ መርገጥ የማይፈቀድላት ልጅ እንደነበርኩ በየት ብለው ይወቁ?

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እኔና እናቴ ቤይሩት፣ ቡርጅ ሐሙድ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከእትዬ ሙሉ ጋር አንድ ክፍል ተጋርተን እንኖር ነበር። እናቴ ከማዳሟ ቤት ከወጣች ቆይታለች፤ በየቀኑ ሐምራ የሚባል ሰፈር እየሄደች የሰው ቤት በሰዓት ታጸዳለች። እትዬ ሙሉ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ፣ ምድር ቤት ላይ፣ ሁለት ወንበር ያለው ጸጉር ቤት ነበራት። ክፍሉን ያከራየን ሃጎፕ የሚባል አርመናዊ ጫማ ሠሪ ነው። ያከራየው ለሁለት ሴቶች ነው፤ ልጅ የሚባል ነገር አልተነሣም። ልጅ እንዳለ ቢያውቅ ያስወጣናል ብለው እናቴና እትዬ ሙሉ አምነዋል፤ የመኖሪያ ፈቃድ ለሌለው ሰው ደግሞ ሌላ ክፍል ማግኘት ቀላል አይደለም። ከእኛ በታች፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የሃጎፕ እናት ታንት አራክሲ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ታንት አክስቴ እንደማለት ነው። ደረጃ መውረድ አቁመዋል። ልጃቸው በየቅዳሜው ምግብ ይዞላቸው ይመጣና ይውላል። ስለዚህ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከማለዳ ጀምሮ እትዬ ሙሉ ጸጉር ቤት እውላለሁ። በሌላው ቀን ቤት ውስጥ አለሁ፤ ግን የለሁም።

የለሁም ማለት እንዲህ ነው። ጫማዬን ሁለተኛ ፎቅ ላይ አወልቃለሁ። በእግሬ ጣቶች ጫፍ እወጣለሁ። ወንበር አልጎትትም፤ አነሣዋለሁ። ገመድ ዝላይ የለም፣ ኳስ የለም፣ ከአልጋ መውረድ እንኳ መጀመሪያ አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላው ነው። ትንሽ ከረሳሁ እናቴ «እግር!» ትላለች፤ ጮክ ብላ አይደለም፣ በትንፋሿ። «ዝም አይነቅዝም» የምትለው ተረት ነበራት። እኔም ጎበዝ ነበርኩ። ድመት እንኳ እንደኔ አትሄድም ነበር።

«የኛ ወለል የሴትዮዋ ጣሪያ ነው» ብላ አስረድታኝ ነበር። እኔ የተረዳሁት ሌላ ነው። ወለሉ እንደ ብስኩት ስስ የሆነ መሰለኝ። ጠንከር ብዬ ብረግጥ እግሬ ሰርስሮ ወርዶ ከታንት አራክሲ የምግብ ጠረጴዛ በላይ ሲንጠለጠል ይታየኝ ነበር። ከካልሲው ጋር። በዚያ ላይ ሃጎፕ ደረጃው ጥግ ላይ የሚያስቀምጣት ሰማያዊ መርዝ ነበረች። እናቴ «እንዳትነኪ፣ ይገድላል» አለችኝ እንጂ ለማን እንደተቀመጠ አልነገረችኝም። እኔ ለልጅ የተቀመጠ ነው ብዬ ደመደምኩ። ልጅ የሌለበት ቤት ስለሆነ፣ ልጅ ቢገኝ ማለት ነው።

ትምህርት ቤታችን ትንሽ ነበር፤ ወረቀት አጥብቆ አይጠይቅም። ማክሰኞ ከሰዓት በፕሮግራሙ ላይ «ስፖርት» ተብሎ የተጻፈ አንድ ሰዓት አለ። በዚያ ዓመት፣ የክረምቱ ዝናብ ሊያባራ ሲል፣ ሰዓቱን ኡስታዝ ፋዲ የሚባል አዲስ አስተማሪ ያዘው፤ መምህርን ኡስታዝ ነው የሚሉት። ዕድሜው ሃያ አራት ቢሆን ነው፤ ስለዚህ አንቱታው እስከ ዛሬ አይመጣልኝም። ኳስ ይሰጠናል ብለን ስንጠብቅ ከበሮ ይዞ ገባ። አዳራሹ ውስጥ ጎን ለጎን አቆመንና «እጅ ለእጅ ተያያዙ» አለ። ደብኬ የሚሉትን የአገሬውን የእግር ጭፈራ ሊያስተምረን ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። በዚያ ትምህርት ቤት እጄን የሚይዝ ልጅ አልነበረም። ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ቤታቸው ውስጥ እኔን የምትመስል ሴት ስታጸዳ እያዩ ነው ያደጉት፣ የሚያደርጉት አያውቁም። ደብኬ ግን ሳይያያዙ አይሆንም። ኡስታዝ ፋዲ ምንም ንግግር ሳያደርግ የሪታን እጅ አነሣና እጄ ውስጥ አስቀመጠው። ሪታ «ያልብሻል» አለችኝ። «አንቺም ያልብሻል» አልኳት። ጓደኝነታችን በዚሁ ተጀመረ። ከዚያ ወዲያ ከሳምንቱ ሰዓት ሁሉ የምወደው ያንን ሰዓት ነበር።

እርምጃውን ቶሎ ያዝኩት። ሁለት ጊዜ አቋርጦ መራመድ፣ ጉልበት ማጠፍ፣ እግር ወደፊት መወርወር፣ ከዚያ መሬቱን መምታት። ኡስታዝ ፋዲ አንድ ዘዴ ነበረው። ጀርባውን ሰጥቶን ግድግዳውን እያየ ያዳምጠናል። ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ማክሰኞ በኋላ ዞር አለና «አንዲት እግር ትጎድላለች» አለ። አንድ በአንድ አስረገጠን። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። እኔ ጋ ሲደርስ ዝም።

«ደግመሽ።»

ደገምኩት። እግሬ እንደ ሌሎቹ ይነሣል፣ እንደ ሌሎቹ ይወርዳል፤ መሬቱ አጠገብ ሲደርስ ግን በራሱ ፍሬን ይይዛል። እንዲህ አድርግ ብዬው አይደለም። ኡስታዝ ፋዲ ጎንበስ ብሎ እግሬን አየ፣ ጫማዬን አየ። ከዚያ ብቻዬን ወደ ጎን ጠርቶኝ እንዲህ አለኝ፦ «ደብኬ በጆሮ ነው የሚታየው፣ ሀቢብቲ። ለዓመቱ መዝጊያ ሀፍሌ ወላጆች ፊት እናቀርባለን። እስከዚያ እግርሽ ካልተሰማ መጋረጃ ትስቢያለሽ።»

መጋረጃ መሳብ! ያን ቀን እንዴት እንደተከፋሁ አልረሳውም። መጋረጃ የምትስብ ልጅ እጇን ማን ይይዛታል?

ቅዳሜ ጸጉር ቤት ውስጥ ልለማመድ ሞከርኩ። ምድር ቤት ነው፣ ከታች ሰው የለም። እትዬ ሙሉ የአንዲት ሴት ጸጉር እየሠራች በመስታወቱ ታየኛለች።

«ምነው ልጄ፣ እንቁላል ላይ ነው እንዴ የምትረግጪው? ያላ፣ ውረጅበት!» አለችኝ።

ልወርድበት ብዬ ጥርሴን ነክሼ አነሣሁት፤ እግሬ እዚያው ደርሶ እንደ ሌባ ተቀመጠ። ደንበኛዋ ሳቀች። እኔ አለቀስኩ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ኡስታዝ ፋዲ እያረፍን ሳለ ደብኬ ከየት እንደመጣ ነገረን። ድሮ በተራራው መንደር የቤት ጣሪያ ጭቃ ነበር አለ። ዝናብ ሲመጣ ጭቃው ይሰነጠቃል፣ ቤቱ ያፈሳል። ያኔ ባለቤቱ ጎረቤቶቹን ይጠራል፤ ጣሪያው ላይ ወጥተው እጅ ለእጅ ተያይዘው ይረግጡታል፣ ይጠቀጥቁታል። እየረገጡ ዘፈኑ፣ እየዘፈኑ ጨፈሩ። «የሰው ጣሪያ መርገጥ ውለታ ነበር» አለን።

ይህ ነገር ጭንቅላቴን አዞረው። ታንት አራክሲ ጣሪያቸው ላይ የዝናብ እርጥበት እንደወጣ ሰምቻለሁ፤ ሃጎፕ እንደነገራት እናቴ ስታወራ ነበር። ለካ ጥፋቱ የኛ ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ አልረገጥንላቸውም። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ እናቴ ጋዙ ላይ ሩዝ ጥዳ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳለ፣ ክፍሉ መሐል ቆምኩ፣ ለሴትዮዋ መልካም ላደርግ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ረገጥኩ። ውለታ መሆኑን ስላመንኩ ይሆን፣ እግሬ ፍሬኑን ረሳው።

ጧ!

ወለሉ አልተቀደደም። እናቴ ግን ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። ከታች የወንበር ድምፅ ሰማን፣ ከዚያ ታንት አራክሲ በስልክ ጮክ ብለው ሲያወሩ። ሃጎፕ፣ ሃጎፕ ይላሉ። አርመንኛ ስለማንችል የገባን ስሙ ብቻ ነው።

«የፈሩት ይደርሳል» አለች እትዬ ሙሉ ስትመጣ ታሪኩን ሰምታ።

«ማነው እንዲህ ርገጪ ያለሽ?» አለችኝ እናቴ። ስለ ደብኬው ያን ጊዜ ነገርኳት። ቁጣዋን መቼም አልረሳም። «እኔ ወገቤ እስኪቆረጥ የሰው ፎቅ የምጠርገው አንቺ እንድትጨፍሪ ነው? ጭፈራማ ከደማችን ጋር የመጣ ነው፣ ያኒ ለእሱ ትምህርት ቤት አያስፈልገንም። ኸላስ፣ በቃ! ነገ አስወጣሻለሁ።»

በማግሥቱ ሐምራ አልሄደችም፤ ትምህርት ቤት መጣች። ኡስታዝ ፋዲ ለሀፍሌው ሲባል በዚያ ሳምንት በየቀኑ ይመጣ ነበርና አዳራሹ ውስጥ አገኘነው። እናቴን ሲያያት ተነሣ።

«ማዳም አልማዝ?» አላት።

እናቴ ዘወር ብላ ከኋላዋ አየች። ማዳም የሚባሉት አሠሪዎቿ ናቸው፤ አንዷ ተከትላት የገባች ነው የመሰላት። አረብኛው አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሁለቱ በአንቱታ የተነጋገሩ ሆኖ ነው የማስታውሰው።

«ልጄን ከጭፈራው እንዲያወጡልኝ ነው» አለች። «ሂሳብ ታጥና። ፈረንሳይኛ ታጥና።»

«ማውጣቱን እኔም እያሰብኩበት ነበር» አለ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እግሯን ሐኪም አይቶታል?»

«እግሯ ምን ሆነ?»

እሱ ከበሮውን አነሣና በዓይኑ ጠራኝ። ብቻዬን ጨፈርኩ። እናቴ ስጨፍር አይታኝ አታውቅም ነበር። አቋረጥኩ፣ ጉልበቴን አጠፍኩ፣ ወረወርኩ፣ ረገጥኩ። ትናንት ቤት ውስጥ የተሰማችው እግር እናቴ ፊት ተመልሳ ጠፋች። ከከበሮው በቀር ምንም አልተሰማም።

«አዩ?» አላት። «ሁሉንም ታውቃለች። መሬቱን ግን አትነካውም። ልጅ እግሩን እንዲህ የሚያስቀምጠው ሲያመው ነው፤ ወይ ሲፈራ።»

እናቴ እግሬን አልነበረም የምታየው፣ እኔን ነበር። «አያማትም» አለች በመጨረሻ።

እሱ ተጨማሪ አልጠየቀም። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

«ባወጣት ፍርሃቱ ይተዋታል?» አለች።

«አይመስለኝም።»

«ብትቆይስ?»

«እሱን አላውቅም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የፈለገችውን ያህል ብትረግጥ ግን የሚቆጣት የለም። እኔ ያለኝ ይሄው ነው።»

እናቴ የነጠላዋን ያህል የምትወዳትን የእጅ ቦርሳዋን አጥብቃ ያዘች። «ኸላስ፣ ትቆይ» አለችው።

መንገድ ላይ ፊት ፊቴ ትሄዳለች፣ አታናግረኝም። የተቆጣች መሰለኝ። የአትክልት ሱቅ ጋ ስትደርስ ቆመችና አኪዲንያ የሚሉትን ቢጫ የፀደይ ፍሬ በከረጢት አስሞላች። ከዚያ ለእኔም ለባለሱቁም ሳይሆን ለመንገዱ «ልጄን በእጄ አንካሳ አደረግኋት» አለች። ዕንባዋ ይወርድ ነበር። ሕንፃው ጋ ደረስን፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል «ተይው» አለችኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆማ የታንት አራክሲን በር አንኳኳች።

«እማዬ፣ እኛ እኮ አራተኛ ነን» አልኳት በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ» አለች። ቅዳሜ ሃጎፕ መጥቶ ከሚይዘን ራሷ ቀድማ ልትናገር ቆርጣለች። ቤቱን ብናጣ የት እንደምንሄድ ግን አታውቅም ነበር።

ታንት አራክሲ ነጭ ጸጉር ያላቸው፣ እንደኔ አጭር ሴትዮ ናቸው። የሳቸውም አረብኛ የተሰባበረ፣ የእናቴም የተሰባበረ፤ ምናልባት ለዚህ ነው የተግባቡት። እናቴ ከረጢቱን ዘርግታ «ታንት፣ ይቺ ልጄ ናት። ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብቄያት ነው» አለች በአንድ ትንፋሽ።

ሴትዮዋ ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ። እግሬ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የምትመጪው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«መጀመሪያ ወደ መስኮቱ፣ ከዚያ ወደ ጥጉ?»

«አልጋችን ጥጉ ላይ ነው» አልኩ።

«ቅዳሜ የለሽም?»

«ቅዳሜ ጸጉር ቤት ነኝ።»

ታንት አራክሲ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ፣ አማተቡ፣ ከዚያ ዕንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እናቴና እኔ ተያየን።

ነገሩ እንዲህ ኖሯል። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሃጎፕ «ጣሪያዬ ላይ አይጠ መጎጥ አለ፣ ትልቅ፣ ብልጥ፣ በቀስታ የሚሄድ» ሲሉት ኖረዋል። እሱ ቅዳሜ ይመጣል፣ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል፣ ምንም የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያርፍ አይጥ የት አገር አለ? መርዙን ያስቀመጠው እሳቸውን ለማስደሰት ነው። በመጨረሻ ግን የእናቱ አእምሮ እየደከመ ነው ብሎ ተራራው ላይ ያለ የአረጋውያን ቤት ማፈላለግ ጀምሯል። ትናንት «ዛሬማ ዘለለ!» ብለው ሲደውሉለት ጭራሽ ቁርጡን ነግሯቸዋል፤ በሚቀጥለው ወር ሊወስዳቸው ነው።

እኛ ቤታችንን እንዳናጣ በጣት ጫፍ ስንሄድ፣ እሳቸው በኛ የተነሣ ቤታቸውን ሊያጡ ነበር።

ስልኩን አንሥተው ደወሉ። በአርመንኛ እየጮሁ በነጻ እጃቸው እኔን ይጠቁማሉ፣ ቦርሳዬን ይጠቁማሉ፣ ደረታቸውን ይመታሉ። ሲጨርሱ ለእናቴ በአረብኛ ተረጎሙላት፦ «አይጡ ሴት ልጅ ናት፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ አላት፣ እኔ እብድ አይደለሁም አልኩት።»

«ቤቱስ፣ ታንት?» አለች እናቴ።

«ቤቱ የኔ ነው። ሃጎፕ ጫማውን ይሥራ» አሉና አንድ ፍሬ ልጠው ለእኔ ሰጡኝ።

ቅዳሜ ሃጎፕ መጣ። ጸጉር ቤት አልተደበቅሁም። አየኝ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከደረጃው ጥግ መርዙን ለቅሞ ሄደ። እንዲያ ቀሎን አያውቅም። እናቴ ያን ማታ ራቷን ሳትጨርስ እንቅልፍ ወሰዳት።

እግሬ ግን ወዲያው አልተመለሰም። ቤት ውስጥ ተረከዜን ባስቀመጥኩ ቁጥር እናቴ ትባንናለች፤ ከዚያ ከንፈሯን ነክሳ «ምንም አይደል፣ ሂጂ» ትላለች። አዳራሹ ውስጥ አንድ ቀን ትንሽ ኳ አለ፤ ሌላ ቀን ጠፋ። ኡስታዝ ፋዲ አላሞገሰኝም፣ አልተቆጣኝም። ከሪታ ጎን አቆይቶኝ ከበሮውን ይመታል። መጋረጃውን ለማን እንደሚሰጥ እስከ መጨረሻው አልተናገረም።

የሀፍሌው ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ሙቀቱ የሚያፍን። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ስለ ፈረንሳይኛ ውጤት ነበር፣ ስለ ደብኬ «እንግዶቻችንን የምናዝናናበት» ብቻ አሉ። መጋረጃውን ራሱ ኡስታዝ ፋዲ ሳበው። እናቴና እትዬ ሙሉ እንደ ልማዳቸው በሩ አጠገብ፣ ከሁሉ ኋላ ተቀምጠዋል። የሪታ እጅ ያልበዋል፣ የኔም። አቋረጥን፣ አጠፍን፣ ወረወርን፤ ከዚያ እግሬ ወረደ፣ ፍሬን አልያዘም፣ እንጨቱን ከሌሎቹ እኩል መታው። ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። ደጋግሜ መታሁት። የመድረኩ አቧራ ይነሣ ነበር፤ እኔም አለሁ፣ አለሁ እያልኩ የምረግጥ መሰለኝ። እትዬ ሙሉ ከኋላ እልል አለች፤ የሰው ሁሉ ራስ ወደሷ ሲዞር ደንግጣ ልታቆም ነበር፣ ነገር ግን የሪታ አያት ከፊት ወንበር በራሳቸው እልልታ መለሱላት። እናቴ እልል አላለችም። ጫማዬን እያየች ፊቷን በመዳፏ ትጠርግ ነበር።

ቤት ስንገባ ገና ብርሃን ነው። «ያላ፣ አሳይኝ» አለችኝ እናቴ። ሦስታችን በአልጋውና በጋዙ መሐል እጅ ለእጅ ተያያዝን። እናቴ ግራና ቀኙ ጠፋባት፣ እትዬ ሙሉ በእግር ፋንታ ትከሻዋን ትሰብቃለች። እየሳቅን ሁላችንም አንድ ላይ ረገጥን።

ጓ! ጓ! ጓ!

ከታች በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያው ተመታ። ሦስታችንም ደርቀን ቀረን። የእናቴ እጅ ወደ አፏ ሄደ። በመስኮቱ በኩል የታንት አራክሲ ድምፅ ወጣ፦

«ኸላስ፣ አልማዝ! ተከታታይ ፊልሜን አልሰማ አልኩ እኮ!»

እናቴ እጇን ከአፏ ቀስ ብላ አወረደች። መስኮቱ ጋ ሄዳ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ሰምቼው በማላውቀው ሙሉ ድምፅ «እሺ ታንት! ይቅርታ!» አለች። ከዚያ ወደኛ ዞረች፤ ፊቷ በርቷል።

«ተቆጡን» አለች። «ሙሉዬ ሰማሽ? እንደ ጎረቤት ተቆጡን።»